ሁለት ሳጥን አጥንት

ዝናቡ ሲጀምር ሁለታችንም ጣሪያው ላይ አልነበርንም።

እኔ ምድር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ስለ እግር አጥንቶች አነብ ነበር። የመጀመሪያዋ ጠብታ መስኮቱን ስትመታው ቀና አልኩ። ሁለተኛዋ ስትከተል ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ። አጥንቶቼ! ታጥበው፣ ነጥተው፣ አንሶላ ላይ ተሰጥተው ጣሪያ ላይ ናቸው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ስወጣ ከኋላዬ የሌላ ሰው ጫማ ሲንጓጓ ሰማሁ።

እሱ ነበር። ሸምበቆ።

ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚጠራው እንዲህ ነው። ላለፉት ሳምንታት ግን ለእኔ ተቀናቃኜ ነበር። ስለ ሰውነት ክፍሎች የሚያስተምረው ትምህርት ክፍል አንድ ረዳት መምህር ፈልጎ፣ ከምሩቃኑ ሁሉ ተጣርተን የቀረነው ሁለታችን ነን። ለእያንዳንዳችን የአንድ ሰው ሙሉ አጥንት በሳጥን ተሰጠን። አጥቦ፣ አድርቆ፣ በፈተናው ቀን ጠረጴዛ ላይ መልሶ መግጠም፣ ከዚያም እያንዳንዱ አጥንት ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። ያሸነፈ እዚሁ ይቀራል። የተሸነፈ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ሄዶ፣ አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምራል።

እኔ ደግሞ መቅረት ነበረብኝ። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ከእኔ ሌላም ሰው የላትም።

ጣሪያው ላይ ስንደርስ ዝናቡ በነፋስ ታጅቦ መጣ።

«አንሶላውን ያዢ!» አለኝ።

«የቱን?»

«እጅሽ የደረሰበትን!»

የእኔን ጫፍ ያዝኩ። እሱ የራሱን ሊሰበስብ ጎንበስ ሲል ነፋሱ ቀደመው። አንሶላው እንደ ሸራ ተነፋና ከነሸክሙ እኔው ላይ ተገለበጠ። ጎድን፣ አከርካሪ፣ ጣት፣ ሁሉም እየተንኮሻኮሸ እቅፌ ውስጥ ገባ። መለየት ቀርቶ ማየትም አልቻልንም። አራቱን ጫፍ አንድ ላይ ጠቅልለን፣ ጥቅሉን እንደ ቃሬዛ ለሁለት ተሸክመን ወረድን። ከፀጉራችን ውሃ እየተንጠባጠበ የአጥንት ክፍሉ በር ላይ ቆመን ተያየን።

«ሁለት መቶ ስድስት የአንቺ፣ ሁለት መቶ ስድስት የእኔ» አለ እየተነፈሰ። «ተጋብተዋል።»

መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅሁ።

የአጥንት ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጥቅሉን ከፍተው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ሰዎች ናቸው እኮ! እናንተ እንድትማሩበት ገላቸውን ሰጥተው የሄዱ ሰዎች ናቸው። አሁን አንዱን በሌላው እግር ልታቆሙት ነው?»

«ጋሼ፣ ዝናቡ ነው…»

«ዝናቡ አንሶላ አይጠቀልልም። በሉ፣ አሁን ሄጄ ለፕሮፌሰሯ ልንገር ወይስ ነገ በሩን እስክዘጋ ድረስ ለይታችሁ ትጨርሳላችሁ?»

«እንጨርሳለን!» አልን፣ በአንድ አፍ።

በማግስቱ ማለዳ ረጅሙን ጠረጴዛ ተካፍለን ጀመርን። ሁለቱ ሰዎች በቁመትም በዕድሜም የሚቀራረቡ ስለነበሩ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን አጥንት ከጎረቤቱ ጋር እየገጠሙ መሞከር። አጥንት የራሱን ሰው ያውቃል። የጭን አጥንት ክብ አናት ያለ ቦታዋ ዳሌ ውስጥ ብትገባ ወይ ትጠብባለች ወይ ትላወሳለች። በቦታዋ ስትገባ ግን ዝም ብላ ቁጭ ትላለች።

ከአከርካሪው ተነሣን። የአንገቶቹ ትንንሾች ናቸው፤ የሚሸከሙት ጭንቅላትን ብቻ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ሸክሙ ስለሚከብድ አጥንቱም እየወፈረ ይሄዳል። እሱ ያቀብለኛል፣ እኔ እደረድራለሁ፤ እኔ አቀብለዋለሁ፣ እሱ ይደረድራል። ከጎድኖቹ መካከል አንዱ ላይ አንድ ጉብታ አገኘሁ።

«ተሰብሮ የዳነ ነው» አልኩ። «የእኔ ሰው ነው፤ ከአከርካሪው ጋር ልክ ገጠመ።»

«ከደረጃ ወድቆ ይሆናል። እንዳንቺ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ።»

«ድኗል እኮ። ቆዳ ሲድን ጠባሳ ያበቅላል፤ አጥንት ግን ራሱን ነው መልሶ የሚሠራው።»

ቀና ብሎ አየኝ። አየሁት። ከዚያ ሁለታችንም ጎድኖቹን መቁጠር ያዝን፤ ቁጥሩ ግን ጠፋብንና እንደገና ጀመርን።

ከሁሉም ያስቸገሩን የእጅ አንጓ አጥንቶች ናቸው። በአንድ አንጓ ውስጥ ስምንት፣ ጠጠር የሚያካክሉ። የአራት እጅ ጠጠር አንድ ሳህን ላይ ተከምሯል። ሸምበቆ ዓይኑን ይጨፍንና አንዷን መዳፉ ውስጥ ያገላብጣታል። አውራ ጣቱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ድንገት ይቆማል። አውራ ጣቱ ከቆመ አይሳሳትም። ይህን ማየቴን አልነገርኩትም።

«እጅሽን አውሺኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ይቺ የማን እጅ እንደሆነች ልለካ ነው። የራሴ ትልቅ ነው።»

ሰጠሁት። ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ በጣቱ ጫን አለ።

«ጀልባ የምትመስለው አጥንት እዚህ ናት። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲመታ የምትሰበረው እሷ ናት። በላይዋ ደግሞ የደም ሥር ያልፋል…» ጣቱን ሳያነሣ ቆየ። «ምትሽ ፈጠነ።»

«ደረጃ ወጥቼ ነው።»

«ከተቀመጥን እኮ ግማሽ ቀን ሆነን!»

እጄን ነጠቅሁት። ጆሮዬ ድረስ ፊቴ ጋለ። ወሬ ለማስቀየር የጉልበት ሎሚዎቹን ሳብኩ፤ አራት ነበሩ፣ ከጉልበት ፊት የሚቀመጡት ክብ አጥንቶች።

«ይህን የማታውቀው ከሆነ ላሳይህ። ሹል ጫፏን ከአንተ አርቀህ፣ ጀርባዋን ወደ ጠረጴዛው አድርገህ ልቀቃት።»

ለቀቃት። ሎሚዋ ወደ ቀኝ ዘመም አለች።

«ስለዚህ የቀኝ ጉልበት ናት። ወገኗን ራሷ ትነግርሃለች።»

«ምን ዓይነት ቅን አጥንት ናት!» አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ እያነሣ አስቀመጣት። ከዚያ ከጠረጴዛው ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ሰውም እንዲህ ወዴት እንዳዘነበለ ቢታወቅ» አለ።

ከዚያ በኋላ የነካኋት አጥንት ሁሉ እጄ ላይ ትዘፍን ጀመር።

ጋሼ ቁልፋቸውን እያንሿሹ ሲመጡ ሁለቱም ሰዎች ሙሉ ሆነው፣ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። አዛውንቱ ከራስ እስከ እግር ዞረው አዩ። «እግዜር ይስጣችሁ» አሉ፤ ለእኛ ይሁን ለተኙት አላወቅሁም።

ስንወጣ ሸምበቆ ጠየቀኝ።

«ብትሸነፊ ምን ይሆናል?»

«እሄዳለኋ። እህቴ ብቻዋን ትቀራለች። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ እየተሳናት ነው።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሌላ ምንም አላለም። ያን ዝምታውን ያኔ በደንብ ብሰማው ኖሮ የነገው ነገር ባላስደነገጠኝ ነበር።

ቤት ስገባ እህቴ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ክሩን አስገባሁላትና የቀኑን ውሎ አወራሁላት። ስፌቱን አቁማ ሰማችኝ።

«ይሄን ሸምበቆ የምትዪውን ልጅ ስንት ጊዜ እንደጠራሽው ታውቂያለሽ?»

«ተቀናቃኜ ስለሆነ ነዋ፣ እታለም።»

«ድሮ ስለ ተቀናቃኝ ሲወራ ጥርስ ይነከስ ነበር። አንቺ ጥርስሽን አልከድን ብለሻል።»

«አንቺ ደግሞ!»

«ምላስ አጥንት የለውም፣ እንዳመጣልኝ ነው የምናገረው።» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጄን ያዘች። «ስሚ የኔ እመቤት። እኔን ሰበብ እንዳታደርጊኝ። ክር የሚያስገባልኝ የጎረቤት ልጅ አላጣም። ከቻልሽ አሸንፊ፤ ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ስለምትችዪ አሸንፊ።»

በፈተናው ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ትይዩ ተዘርግቷል። ጋሼ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ደንቡን የነገሩን ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ናቸው። አጭር፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ የሚቀንስ ሴት። «ማንም የሌላውን ጠረጴዛ አይነካም። የነካ ውጭ ነው።»

ገጠምን። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ቀጥ ያለው ደረት፣ በላዩ እንደ ቀንበር ያረፉት ሁለቱ ቀጫጭን አጥንቶች፣ ክንድ፣ አንጓ፣ ጣት። ጨርሼ ወደ ግድግዳው አፈገፈግሁ። እሱም ጨረሰ። ፈታኞቹ ከእኔ ጠረጴዛ ሊጀምሩ ወረቀታቸውን ሲያስተካክሉ ዓይኔ ወደ እሱ ጠረጴዛ ሄደ።

ሎሚዎቹ ተቀያይረዋል። የቀኙ ግራ፣ የግራው ቀኝ።

ትናንት ደጋግሞ ያነሣት፣ «ቅን አጥንት» ያላት ሎሚ! አየሁት። እሱ ግን ጣሪያውን ያያል። ያኔ ገባኝ። ደስታ አይደለም የመጣብኝ፤ ንዴት ነው። ያን ያህል ሌት ተቀን ያጠናሁትን፣ እህቴ ዓይኗን ያፈሰሰችበትን ትምህርት፣ ይሄ ልጅ እንደ ከረሜላ ሊሰጠኝ ነው?

አዳራሹን ሰንጥቄ ሄድኩና ሁለቱንም ሎሚዎች አንሥቼ በየቦታቸው መለስኳቸው።

«እጅሽን አንሺ» አሉ ፕሮፌሰሯ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ አለ።

«ሎሚዎቹ ተቀያይረው ነበር፣ ፕሮፌሰር።»

«የማን ጠረጴዛ ነው?»

«የእሱ።»

«እና አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ከፈታኞቹ አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ፕሮፌሰሯ ወደ ሸምበቆ ዞሩ።

«ተሳስተህ ነው ወይስ አሳስተህ?»

ፊቱ ሁሉን ተናገረ። ፕሮፌሰሯ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

«እሷ ደንቤን ጥሳለች፤ አንተ በፈተናዬ ቀልደሃል። ሁለታችሁንም ባባርር ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ ከእናንተ የተሻለ የለኝም። ጋሼ፣ የአጥንቱን ከረጢት ያምጡልኝ። እናንተ ውጡና ተረጋግታችሁ ተመለሱ።»

ኮሪደሩ ላይ በሩ ገና ሳይዘጋ ጀመርን።

«ምን ብለሽ ነው የነካሽው? ትወጪ ነበር እኮ!»

«አንተስ ምን ብለህ ነው ያቀያየርከው?»

«እህትሽን ጥለሽ እንዳትሄጂ ብዬ!»

«ለምኜሃለሁ?»

«አልለመንሽኝም! ስለምወድሽ ነው!»

ጮኾ ነበር የተናገረው። ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴትዮ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች። እኔ ግን አልተበገርኩም።

«እንዲህ ከሆነ አትውደደኝ። የሚለቅልኝ ሰው አልፈልግም። ብታሸንፈኝ እናወራለን። ባሸንፍህም እናወራለን። ብትለቅልኝ ግን ከዛሬ በኋላ አላውቅህም።»

«መልቀቄን በምን ታውቂያለሽ?»

«አውራ ጣትህን አውቀዋለሁ።»

እጁን አየው፤ እንደ አዲስ እቃ። ሴትዮዋ ጣልቃ ገባች። «ልጄ፣ እሺ በላት እንጂ፤ ምን ትፈዛለህ?»

«እሺ» አለ።

ከረጢቱ ጥቁርና ወፍራም ነበር። እጅ ከትቶ፣ ሳያዩ፣ በመዳሰስ ብቻ ስሙን፣ ወገኑንና ሥራውን መናገር ነው። አንዳችን የሌላውን መልስ እየሰማን፤ ትክክል መሆን አለመሆኑ ግን እስከ መጨረሻው አይነገረንም።

«የሌላ ሰው መልስ ሰምቶ የገዛ እጁን የሚጠራጠር አያስተምርልኝም» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ለእሱ ተረከዝ ደረሰው። «የቀኝ። ስንራመድ መጀመሪያ መሬት የምትቀበል፣ ጡንቻ ሲስባት ወደፊት የምትገፋን።» አውራ ጣቱ ከጨርቁ በታች ሲቆም አየሁት። ለእኔ እንደ ፈረስ ኮቴ የተቀለሰች ቀጭን አጥንት ደረሰችኝ። «የምላስ ሥር አጥንት። ግራ ቀኝ የላትም፤ መሐል ናት። ከሌላ አጥንት ጋር አትጋጠምም፣ በጅማትና በጡንቻ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ስንውጥም ስንናገርም ታግዘናለች።» እሱ ትከሻን ከደረት አርቆ የሚይዘውን ቀጭን አጥንት ለየ። እኔ የመጀመሪያውን ጎድን። ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላውቅም ነበር፤ ከእኔ እኩል ከሚሮጥ ሰው ጋር መሮጥ!

«የመጨረሻዋ ለሁለታችሁም አንድ ናት» አሉ ፕሮፌሰሯ። «አንቺ ጀምሪ።»

እጄን ከተትሁ። ትንሽ ናት፤ የጀልባ ቅርጽ። ወዲያው አወቅኋት፤ ትናንት በእኔው አንጓ ላይ ያሳየኝ ናት። አንጓዬ ያን ጣት አስታወሰና ተንቀጠቀጠ። አገላበጥኳት። ቀኝ? ግራ? ቀኝ።

«ጀልባ መሳይዋ የአንጓ አጥንት» አልኩ። «የቀኝ እጅ። የአንጓን ሁለት ረድፍ አጥንቶች ታያይዛለች፤ እጃችን ሲታጠፍ አብራ ትዞራለች።»

ተራው የእሱ ሆነ። እጁ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። ጨርቁ ተንቀሳቀሰ፤ አውራ ጣቱ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ።

ቀና ብሎ አየኝ።

መሳሳቴን ያኔ አወቅሁ። ከዓይኑ አነበብኩት። «የቀኝ» ካለ እኩል እንሆናለን። «የግራ» ካለ እኔ ወደ አውቶቡሱ። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኔን አልሰበርኩለትም፤ ራሴንም አልነቀነቅሁም። ትንፋሼን ብቻ ያዝኩ። በል፣ በል እንጂ፣ አንተ ሰው!

«ጀልባ መሳይዋ» አለ። «የግራ እጅ።»

ፕሮፌሰሯ ከረጢቱን ገልብጠው አጥንቷን ወረቀቱ ላይ አኖሯት። «የግራ ናት።»

እኔ ሳቅሁ። በሁለት እጄ አፌን ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ።

«ይቺ ልጅ ተሸንፋ ነው የምትስቀው?» አለ አንደኛው ፈታኝ።

«ተዋት» አሉ ፕሮፌሰሯ። ወረቀታቸውን ሲያጥፉ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ብዙም አልደከሙም። «በሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ቦታ ብናገኝ ተመለሽ። እጅሽ ሲረጋጋ።»

ሁለተኛው ቦታ ተገኝቷል፤ ተመልሼም አሸንፌአለሁ። ግን ከዚያ በፊት በነርሶቹ ከተማ ያሳለፍኩት ዓመት አለ፤ በየበዓሉ ከአውቶቡስ እየወረደ፣ እግሩን መዘርጋት አቅቶት እያነከሰ የሚመጣ ረጅም ሰው አለ። እህቴም የሠርግ ልብሴን ስትሰፋ «ተሸንፈሽ ያመጣሽው ይሻላል» እያለች መሳለቋ አለ። ከዚያም ቤታችን አለ። በዚያ ቤት ውስጥ በክርክርም ሆነ በጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ለቆልኝ አያውቅም፤ እኔም አልለቀቅሁለትም። ስለ ሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት አልጽፍም። ያ የእኔ ሆኖ ይቅር።

የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው። ከአዳራሹ ስንወጣ እንደ በሽተኛ ገርጥቷል።

«ተናደድሽ?»

«በጣም! ግራ ነበረች እኮ፤ እንዴት አልለየኋትም!»

«በእኔ ማለቴ ነው።»

«በአንተማ…» መጥረጊያ የያዘችው ሴትዮ አሁንም አልሄደችም፤ እኔ ግን ማንንም አላየሁም። «አሁን ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅሽ?»

«አንተ ልጅ! አጥንት በጨለማ እየለየህ ይሄ ይጠፋሃል?»

ገባው። ደሙ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ፊቱ ሲወጣ አየሁት።

«ከተማው ሩቅ ነው» አለ።

«ሁለት ቀን ነው።»

«መንገዱ ወገብ ይሰብራል ይላሉ።»

«ይሰበር። አጥንት ይድናል።»

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አልኩት። በሕይወቴ ሙሉ ፈታኝ ፊት ቆሜ የሰጠሁት መልስ ሁሉ ትንሽ ጥርጥር ነበረበት። ያኛው አልነበረበትም።